«አንቺ» ብሎ የጀመረው ወጣት

ጥር 13፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

የዓይን ጠብታ። ግራው ቀድሞ፣ ቀኙ ተከትሎ። ባለቤቴ አስካለ አገጬን ቀና አድርጋ ይዛ፣ አይንቀሳቀሱ እያለች ትቆጣኛለች። እኔም እንደ ታዛዥ ተማሪ ጣራ ጣራውን አያለሁ።

ማስታወሻዬ፣ የዛሬው ሰማይ ንጹሕ ነው። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከነትከሻው ወጥቶ ይታየኛል። ሞራው ከዓይኔ ከተገፈፈ ወዲህ በየጠዋቱ አንድ አዲስ ነገር አገኛለሁ፤ የዛሬው የአስካለ ሽበት ነው። ነጭ ይመስለኝ ነበር። ብርማ ነው። ተመስገን።

ከሰዓት በኋላ ልምምድ አለ። መ/ርት ሰናይት፣ የጥንት ተማሪዬ፣ ዛሬ እሷ ራሷ የ2ኛ ደረጃ ት/ቤት የአማርኛ መምህርት፣ ያንን የቆየ አሳዛኝ ተውኔት ከከተማችን ወጣቶች ጋር ልታሳይ ተነሥታለች፤ እኛ በጉብዝናችን ወራት «ዓምዴና ወለላ» እያልን የምንጠራውን። የእኔ ሥራ ሁለት ነው። የግጥሙን አነባበብ አርማለሁ፤ መጋረጃው ከመከፈቱ በፊትም ስለ ዓምዴ አጭር ንግግር አደርጋለሁ። ርእሱን የሰጠችኝ ሰናይት ናት፦ በፍቅር የታመመው ወጣት ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው እንዴት ይለወጣል?

ይህንማ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሳስተምረው ኖሬአለሁ። ንግግሩ ዛሬውኑ ያልቃል።

ጥር 15፣ ሐሙስ

ንግግሩ አላለቀም። ታሪኩን ለአንተ፣ ማስታወሻዬ፣ ላውራልህና ምናልባት ይፈታልኝ።

1ኛ ክፍል፦ ዓምዴ ወይራ ሥር ተጋድሟል። አይበላም፤ አይሠራም፤ ስለ ወለላ ይገጥማል። ከእሷ ጋር ገና አንድ ቃል አልተለዋወጠም። 2ኛ፦ ይነጋገራሉ፤ እሷም ትወደዋለች። 3ኛ፦ ወንድሟ በሰው ፊት ይሰድበዋል። ዓምዴ ይመታዋል። ወንድሟ ይሞታል። 4ኛ፦ ሽሽት፤ ገዳም። 5ኛ፦ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ እንደ አገሩ ወግ ከአባቷ እግር ላይ ወድቆ ምሕረት ሊለምን ይመለሳል። ወለላ ግን እሱን ስትጠብቅ በተስቦ ሞታለች። አስከሬኗ አልጋ ላይ ነው። ድንጋዩን ያወርዳል፤ ይሰናበታታል፤ አንገቱን ለአባቷ ጎራዴ ይሰጣል።

የእኔ ንባብ ሁልጊዜም አንድ ነው፦ ዓምዴ የሚለወጠው 3ኛው ክፍል ላይ ነው። እጁ ደም ሲነካ ልጅነቱ ያበቃል።

ዓምዴን የሚጫወተው ሲሳይ ነው፤ አስጎብኚ፤ የመምሬ ካሣሁን አንድ ልጅ። ቁመናው ሸጋ፣ ድምፁ የቅኔ ማኅሌት። ነገር ግን አምስቱንም ክፍል ወይራው ሥር እንደተጋደመ ይጫወታቸዋል። ሲወድ ያለቅሳል። ሲገድል ያለቅሳል። ዛሬ እያለቀሰ ሲሸሽ ሰናይት አስቆመችው፤ ሲሳይ፣ ቢያንስ ስትሮጥ እንባህን ጥረግ፤ ከመድረክ ትወድቅብናለህ፣ አለችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልሳቀም። የሚያየው ወለላን የምትጫወተውን ማርታን ነበር።

ገባኝ። እኔ ባረጅም ዓይኔ አዲስ ነው።

ጥር 18፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ማርታ እኛ ቤት መጣች። ቤተሰቦቿ ከአብያተ ክርስቲያናቱ መውጫ ላይ መስቀልና ሽመና ይሸጣሉ፤ ልጅቱም እንደ ገበያ ሰው ፊት ለፊት ተናጋሪ ናት። ንግግሬ የት እንደ ደረሰ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ዓምዴ ጨርሶ አይለወጥም፣ አለችኝ።

«እኔ እዚያ አልጋ ላይ ሬሳ ሆኜ እተኛለሁ፤ እሱ አጠገቤ ቆሞ ስለ ራሱ ልብ ይገጥማል። መጀመሪያም እኔ፣ እኔ። መጨረሻም እኔ፣ እኔ። ምኑ ተለወጠ?»

የ3ኛውን ክፍል ጠቀስኩላት። ቀና ብላ አየችኝ።

«መምህር፣ ሰው መግደል ከለወጠማ አገሩ በሙሉ በጦርነቱ ጊዜ ተለውጦ አልነበር?»

አስካለ ከወዲያ ሆና፣ መልሱላት እንጂ፣ አለች። ስንት ዓመት ስከራከር ኖሬ በአንድ ዐረፍተ ነገር አፌ ተያዘ፤ ደስም አለኝ። እንዲህ ያለ ተማሪ በየዘመኑ አይገኝም።

ልትሄድ ስትል ሌላውንም ነገረችኝ። ደሴ የነርስነት ትምህርት ደርሷታል፤ በተውኔቱ ማግሥት ትሄዳለች። ሲሳይም ከጥምቀት በኋላ ፍቅሩን ገልጾላታል። በቴሌግራም። «አንቺ ጨረቃዬ፣ አንቺ ፀሐዬ፣ አንቺ የሕይወቴ መብራት… ከላይ እስከ ታች ብፈልግ ስሜ የለም። ለማን እንደ ጻፈው ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም» አለችኝ። አልሆንልህም ብላዋለች፤ በትሕትና፣ ግን ሳታወላውል።

ጥር 21፣ ረቡዕ

ሲሳይ ከልምምድ ቀረ። ስልኩ ዝግ። ሰናይት ሌላ ዓምዴ ከየት ላምጣ እያለች ስትንቆራጠጥ ዋለች። ከአስጎብኚ ባልደረቦቹ አንዱ በጆሮዬ የነገረኝ ግን ከተውኔቱ የባሰ ነው፦ ሲሳይ ቆቦ ካለ ደላላ ጋር ተስማምቷል። በረሃውን አቋርጦ፣ ጀልባ ተሳፍሮ፣ ወደ ሪያድ። በዚያ መንገድ ከዚህ ከተማ ስንቱ ወጥቶ ቀረ።

ምሳ አልበላልህ አለኝ። አስካለ ሳህኑን አላነሣችም፤ እስክበላ ድረስ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። በላሁ። ለዚህችም ሴት ተመስገን።

ጥር 24፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ገበያውን እየተጋፋሁ ወደ መምሬ ካሣሁን ቤት ወጣሁ። መምሬ ለቀብር ብልባላ ወርደዋል። ሲሳይ መደቡ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። ከነወይራው፣ አልኩ በልቤ።

ሲያየኝ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀልኝ፤ አስተዳደጉን አልረሳም። ስለ ማርታ አንሥቼ አልገሠጽኩትም። ስለ ደላላው ግን ጠየቅኩት። አልካደም። የካቲት 3፣ ሰኞ፣ ጉዞ። ገና አልፏል፤ እንግዳው ተመልሷል፤ ከጦርነቱ ወዲህ ሥራው እንደ በፊቱ አልሆነም። ከዚህም በላይ፣ አለኝ፣ እዚህ ለማን ብዬ እቆማለሁ?

«ዓምዴም 4ኛው ክፍል ላይ እንዲሁ ብሎ ነው የሸሸው» አልኩት።

«እሱማ ገዳም ነው የገባ፣ መምህር። ሪያድ ገዳም የላትም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

አባትህ ያውቃሉ? አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ አያውቁም። እናቱ ከሞቱ ጀምሮ በዚህ ቤት ውስጥ የሚነገረው «በላህ?» እና «በላሁ» ብቻ ነው አለኝ። ሲሞቱ እሱ ትንሽ ልጅ ነበር። አባትና ልጅ ስለ እሳቸው አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም።

«አትሂድ» ልለው ነበር፤ ተውኩት። እኔ አባቱ አይደለሁም። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ ለመንኩት፤ ተውኔቱን ተጫወት፣ 5ኛው ክፍል ሳይታይ አይቅር፣ አልኩት።

«ስለ እርስዎ ስል እጫወታለሁ። ሰኞ ግን እሄዳለሁ።»

እስከ ገበያው ዳር ሸኘኝ። ቁልቁለቱ ላይ ሳልጠይቀው ክንዴን ያዘኝ።

ጥር 26፣ ሰኞ

መጣ። ማልቀሱንም አቆመ። አሁን ደግሞ ቃሉን እንደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያነባል። ማርታና እሱ ከመድረክ ውጭ አይተያዩም። ሰናይት፣ ጋሼ፣ የዱሮው ልቅሶው ይሻለን ነበር፣ አለችኝ በሹክሹክታ።

ቢሆንም መጣ። ዛሬ ከዚህ የበለጠ አልለምንም።

ጥር 29፣ ሐሙስ

ማስታወሻዬ፣ ቀስ ብዬ ልጻፈው፤ እጄ ይቸኩላል።

የመጨረሻው ትዕይንት። ሰናይት ለድንጋዩ ቀለም የተቀባ ስፖንጅ አዘጋጅታ ነበር። ሲሳይ እምቢ አለ፤ ከውጭ እውነተኛ ድንጋይ አንሥቶ ተሸክሞ ገባ። ጎብጧል፤ አንገቱ ተገትሯል። ማርታ አልጋው ላይ ነጠላ ለብሳ ተዘርግታለች። ድንጋዩን ከትከሻው ሲያወርደው ወለሉ ድም አለ። ተንበረከከ። በጽሑፉ ላይ ያለው ቃል «ወለላ፣ ተነሽ፤ መጥቻለሁ» ነው።

እሱ ግን «አንቱ ወለላ፣ ይነሡ እንጂ፤ መጥቻለሁ» አለ።

አዳራሹ ፈነዳ። የወለላን አባት የሚጫወተው ጎልማሳ ጎራዴውን ጥሎ፣ ለአማቱ ነው እንዴ የሚናገረው? አለ። ሬሳዋም በነጠላው ሥር በሳቅ ስትንቀጠቀጥ አየኋት። እውነታቸውን ነው፤ በእኛ አገር ለትልቅ ሰውና ለካህን የምንለውን ለአንዲት ኮረዳ የሚል የለም። ሲሳይ ፊቱ ፍም መስሎ ይቅርታ ጠየቀ። እንደገና፣ አለች ሰናይት። አሁን በትክክል «ተነሽ» አለ። ቃሉ ከመድረኩ ሳይወርድ እዚያው ወደቀ።

እጄን አወጣሁ። የቅድሙ ይሁን፣ አልኩ።

ሰናይት ደነገጠች። ግጥሙ ይሰበራል፤ ሕዝቡም ይስቃል፣ አለች። ይሰበር፤ ይሳቅ፣ አልኩ። ማርታ ከአልጋው ቀና ብላ ተቀምጣ ነበር፤ መሳቋን ትታለች። እስቲ ይሞከር፣ አለች፤ ወደ ሲሳይ ሳይሆን ወደ ሰናይት እያየች።

ከልምምዱ በኋላ ለብቻው ደጅ ወስጄ ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። ሆን ብሎ አልነበረም። ሲንበረከክ ከአፉ አመለጠው። ከዚያም ቆሞ ነገረኝ። መምሬ ካሣሁን ሚስታቸውን ሁልጊዜ «አንቱ» ነበር የሚሉ። ውኃ ሲጠይቁም፤ ሲቆጡም። የሰፈር ልጆች ሲሳይን በዚህ ያሾፉበት ነበር። እናቱ ያረፉ ለት ሴቶቹ ሊገንዟቸው ከመግባታቸው በፊት አባቱ ብቻቸውን ገብተው አልጋው አጠገብ ተንበረከኩ። እሱ ከበሩ ኋላ ነበር። «አንቱ፣ ይነሡ እንጂ፤ ልጁ እየጠበቀዎት ነው» ሲሉ ሰማቸው።

ለማንም ነግሮ አያውቅም። ለአባቱም።

ጥር 30፣ ዓርብ

ንግግሬን አነበብኩት። አማርኛው ያማረ ነው። 3ኛው ክፍል ላይ ቆሞ ቀርቷል።

ዓምዴ አራት ክፍል ሙሉ «አንቺ» ይላታል፤ አንቺ ማሬ፣ አንቺ ቁስሌ። በእያንዳንዱ «አንቺ» ወደ ራሱ ይጎትታታል። ደራሲው እስከ መጨረሻው «አንቺ» ብሎ ጽፎታል፤ እኔም እንደ ተጻፈው አስተማርኩ። ትናንት አንድ ልጅ በስሕተት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና እጁን ሰበሰበ። ያን ጊዜ አልጋው ላይ ያለችው የእሱ ናፍቆት መሆኗ ቀረ። ሰው ሆነች፤ የምትከበር፣ የራሷ ሞት ያላት። ማርታ እውነቷን ነበር፤ ዓምዴ እስከዚያ ድረስ አልተለወጠም ነበር።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

ቁርስ ላይ ሞከርኩት። አንቱ አስካለ፣ ጨው ያቀብሉኝ፣ አልኩ።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ምነው፣ ራስዎን ያምዎታል?» ከዚያም ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ «ወይስ ምን አጥፍተው ነው?» አለች።

ሁለታችንም እስኪያነባን ሳቅን። ዕድሜ ልኳን አንቱ ስትለኝ ኖራ አንድ ቀን ብመልስላት ታመመ አለችኝ። ጨዉን ግን ስታቀብለኝ በሁለት እጇ ነው።

የካቲት 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ትርኢቱ ትናንት ሆነ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሟል። እኔ ወደ መድረኩ ወጣሁ፤ ወረቀቱን ከኪሴ አላወጣሁም። ይህ ልጅ እንዴት እንደሚለወጥ ከእኔ ሳይሆን ከእሱ ስሙ፣ ብዬ ወረድኩ። ሰናይት አፏን ይዛ ቀረች።

ሲሳይ 1ኛውን ክፍል እንደ ድሮው እያላዘነ ተጫወተ፤ ግን አሁን እያወቀ ነው። ሕዝቡ ሳቀበት፤ መሳቅም ነበረበት። ሲገድል አላለቀሰም፤ እጁን አየ። 5ኛው ላይ ድንጋዩን አወረደ፤ ተንበረከከ፤ ቃሉን ተናገረ። ከፊት የተቀመጡ ወጣቶች ሳቅ ጀምረው ነበር። ከኋላቸው አንዲት አሮጊት «ዝም በሉ» አሏቸው፤ ጮኸው አይደለም። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አቀረቡ። ማርታ ሬሳ ናትና አትንቀሳቀስም፤ ከዐይኗ ጥግ ወደ ጆሮዋ የወረደውን ግን እኔ ከፊት ወንበር አየሁት። ለዚህ ዐይን እንዴት ብዬ ላመስግን።

እንግዲህ ዛሬ ሰኞ ነው። የወልድያው መኪና በጠዋት ይወጣል። ወደ ቆቦ የሚሄድም፣ ወደ ደሴ የሚሄድም የሚሳፈረው እሱኑ ነው። ሦስት ጊዜ ደወልኩለት፤ አያነሣም። ወደ መናኸሪያ ልሂድ ብዬ ተነሣሁ፤ አስካለ፣ ሄደው ምን ሊሉት ነው? አለችኝ። ተቀመጥኩ።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት

ማርታ ከመንገድ ደወለች። መስመሩ ይቆራረጣል። መናኸሪያው ላይ ተገናኝተዋል። ሻንጣዋን ተቀብሎ መኪናው ጣራ ላይ ሰቀለላት። የራሱ ሻንጣ ቀድሞ ተሰቅሎ ነበር። ቀጥሎ ከመሰላሉ ወርዶ እጁን ዘረጋላት።

«ማርታ፣ በሰላም ግቢ፣ በርትተሽ ተማሪ አለኝ። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር፣ መምህር።»

እሺ፣ ከዚያስ? አልኩ።

ከዚያ ረዳቱ ተሳፈሩ ብሎ ጮኸ። ሲሳይ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ ትንሽ ቆመ። መልሶ አወረደው። ጣራው ላይ ወጥቶ ሻንጣውን ፈታ። ረዳቱ ሲሰድበው፣ እሱ ይቅርታ እያለ፣ ሻንጣውን በትከሻው ይዞ ወደ ሰፈሩ ዳገቱን ሲወጣ በመስኮት አየችው።

ተመስገን። ተመስገን።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

መምሬ ካሣሁን መጡ። እኔ ቤት ከመጡ ዓመታት አልፈዋል። አስካለ መስቀላቸውን ተሳልማ አስቀመጠቻቸው። ወደ ነገራቸው ለመግባት ስለ አዝመራው ብዙ አወሩ።

በመጨረሻ፣ ካህን ተውኔት ቤት አይገባምና አላየሁም፤ ሰው ግን ልጅዎ አንዲትን ኮረዳ በአደባባይ አንቱ አለ እያለ ይነግረኛል። በክህነት እየቀለደ ነው? ምን አለ ልጁ? አሉኝ።

ምስጢሩ የሲሳይ ነው። ግን አባቱ ናቸው፤ ቃሉም የእሳቸው ነው። ነገርኳቸው። ከበሩ ኋላ እንደ ነበር ነገርኳቸው።

መቋሚያቸውን ሁለቴ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ሰምቶኝ ኖሯል» አሉ። ቆየት ብለው፣ «እኔ ደግሞ ሕፃን ነው፣ ረስቷቸዋል፣ ለምን አስታውሰዋለሁ ብዬ ነው ስማቸውን በቤቴ ያላነሣሁ» አሉ።

እሱም እርስዎን እንዳያስለቅስ ብሎ ይሆናል፣ አልኳቸው። ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ሻንጣውን ይዞ ሲመለስ የት ነበርክ ብለው እንዳልጠየቁት፣ አሁን መጠየቅ እንደሚፈልጉ፣ ከየት እንደሚጀመር ግን እንደማያውቁ ነገሩኝ። ሰናይት ከጾሙ በፊት ተውኔቱን ለኮን ከተማ ሕዝብ ልታሳይ መሆኗን ብቻ ነገርኳቸው፤ ቅዳሜ እንሄዳለን።

አሰቡበት። «ከኋላ እቆማለሁ» አሉ። «ማንም ቢያይ፣ ልጄን ልጠብቅ ነው የመጣሁ እላለሁ።»

የካቲት 8፣ ቅዳሜ፣ መኪና ውስጥ

ፊደሌ ይንቀጠቀጣል፤ መንገዱ ነው። ጋሸናን አልፈን ወደ ኮን እየሄድን። ማርታ ደሴ ስለሆነች ወለላን ሰናይት ራሷ ናት የምትጫወት፤ ቢያንስ የመጨረሻው ክፍል ቃል የለበትም ትላለች። አስካለ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።

ሲሳይ ደላላውን በስልክ ተሰናብቶታል። ስለ ማርታ ጠየቅኩት፤ ያማል፣ አለኝ፤ ግን ግጥም አልጻፍኩም።

ውሳኔዬ፦ ኮን ላይም ንግግር አላደርግም። ቤት ስመለስ የራሴን የተውኔቱን ቅጂ አወጣለሁ፤ ከመጨረሻው ክፍል «ተነሽ» አጠገብ በጥቁር ቀለም «ይነሡ» ብዬ እጽፋለሁ። ደራሲው ይቅር ይበሉኝ። ከእኔ በኋላ የሚያነበው ይፍረድ።

ሾፌሩ መምሬን ከፊት አስቀምጧቸው ነበር። ነዳጅ ስንሞላ ወርደው ወደ ኋላ መጡና ከልጃቸው ጎን ገቡ። ዞር ብዬ አላየሁም። አሁን ግን የመምሬ ድምፅ ይሰማኛል፤ እናትህ ዓለሚቱ፣ ሲሉ ሰማሁ። ሲሳይ ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ጠየቃቸው። መምሬ ሳቁ። ከዚያ ረጅም ወሬ ጀመሩ፤ ስለ አንዲት ቁጡ በቅሎ ነው መሰለኝ፣ በሠርጋቸው ለት ሙሽራዋን ይዛ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች። ሞተሩ ያፍነዋል። ብዕሬን ላስቀምጥና ልስማ፤ አሁን ሲሳይ ከዚያስ አባ እያለ ነ—